አያቴ ቅሪተ አካል ናቸው

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ረዳት መምህርት ነኝ። አዲስ አበባ እያለሁ አሥራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ ያውም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል። እዚህ ስመጣ የትምህርት ማስረጃዬን አስገመገምኩ፤ እነሱም በጥንቃቄ ገምግመው የስምንት ዓመት ልጆችን ጫማ እንዳስር ፈቀዱልኝ። እያማረርኩ አይደለም። እነዚህ ልጆች ጫማቸው ሲታሰርላቸው ያመሰግናሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ሴል ክፍፍል ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተምሬያቸው አንድ ቀን እንኳ አመስግነውኝ አያውቁም።

የክፍሉ ዋና መምህርት ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት አሜሪካዊት ናት። የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ባለ ቀለም የቃላት ካርዶች ትደረድራለች፤ ፎሲል፣ ሃቢታት፣ ኤክስቲንክት። እኔ ከኋላ ባለው ክብ ጠረጴዛ አምስት ልጆች ይዤ ቃላቱን አስደግማለሁ። አንድ ቀን በደለል ስለሚሠራው ድንጋይ ስናወራ "ሴዲሜንታሪ" አልኩ። አንድ ልጅ እጁን አወጣና በትህትና አረመኝ። ደገምኩት። አሁንም አረመኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጉድ ትራይ" አለኝ። ይህን ቃል ለተማሪ እንዴት እንደምንል ግማሽ ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እኔም ዋና መምህርት ነኝ። ድልድዩን ተሻግሬ ጎረቤት ግዛት ውስጥ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ እሄዳለሁ። እዚያ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ የአማርኛ ትምህርት ቤት አለን። ልጆቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። በአማርኛ ትጠይቃቸዋለህ፣ በደንብ ይሰሙሃል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይመልሱልሃል። ወላጆቻቸው ደግሞ "አማርኛ አልችል አለ እኮ፣ በጣም ኮንሰርንድ ነኝ" እያሉ ያማርራሉ።

የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ቀን ቀን የሕንፃ ጥገና ኃላፊ ናቸው። ቅዳሜ የሚለብሱት ቲሸርት አንድ ነው፤ ደረቱ ላይ የጥንት ራስ ቅል ሥዕልና "የሰው ዘር መገኛ" የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለበት። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ስብሰባ ጠሩና፣ "ልጆቹ ሀሁ ሰልችቷቸዋል" አሉ። "አምስት ዓመት ሙሉ ሀሁ! ለምን ሳይንስ በአማርኛ አይማሩም? አንቺ ባዮሎጂ አይደል ያስተማርሽው?"

ነው አልኩ። በመደበኛ ትምህርት ቤታቸው ሕይወት ስላላቸው ነገሮችና ስለ ፎሲል ስለሚማሩ ሐሳቡን ያውቁታል፤ እኛ የአማርኛውን ቃል ብቻ ብንሰጣቸው ይቀላል ብዬ አስረዳሁ። ሁሉም ጥሩ ሐሳብ ነው አለ። ያኔ ተነስቼ ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ።

"ፎሲል በአማርኛ ምንድን ነው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ቅሪተ አካል።"

ነርስ የሆነች አንዲት እናት እጇን አወጣች። "ይቅርታ፣ እሱ ነገር ሬሳ ሬሳ ይላል። የኔ ልጅ ለብቻው መተኛት ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው።"

ሊሞዚን የሚነዱና ግእዝ የሚያውቁ አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "'ዐፅመ ጥንት' ቢባል ያምራል።"

"ዐፅም ከሬሳ በምን ይሻላል?" አለች ነርሷ።

"ለጆሮ ይሻላል።"

እንዲህ እያልን ሁለት ሰዓት ሄደ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት አባት ደክሞት "ለምን ዝም ብለን ፎሲል አንለውም?" ሲል ሁሉም ዞሮ አየው። "ታዲያ ምኑን የአማርኛ ትምህርት ቤት ሆነ!" ብለው ሊቀመንበሩ ተቆጡ፤ ቀጥለውም "ሚቲንጉ ኦቨርታይም እየሄደ ስለሆነ በሰብ ኮሚቴ ይታይልን" ብለው ዘጉት። ሌሎቹ ሥራ ስለበዛባቸው ሰብ ኮሚቴው እኔ ብቻ ሆንኩ። ተሰብስቤ ቅሪተ አካልን በሙሉ ድምፅ አጸደቅሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አራት ልጆች ነበሩኝ። ሰሌዳው ላይ ሰባት ቃላት ጻፍኩ፤ ሕይወት ያለው፣ ሕይወት የሌለው፣ መኖሪያ፣ ዝርያ፣ አዳኝ፣ ታዳኝ፣ ቅሪተ አካል። "አንበሳ አዳኝ ነው" ስል አንዱ ልጅ ደነገጠ። ሰንበት ትምህርት ቤት አዳኝ ማለት ነፍሳችንን ያዳነ ማለት ነው ተብሏል። ሁለቱ ቃላት ሲጻፉ አንድ ይሁኑ እንጂ የሚያድነውና የሚያድነን የተለያዩ ናቸው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስናገረው ለራሴም ያው ሆነብኝ። ልጁ ቤቱ ሄዶ ምን እንዳለ አላውቅም። ጥያቄ ግን አልመጣብኝም።

ከዚያ ለስላሳ ሸክላ አድዬ ዛጎል እየጫኑበት ቅርፁን እንዲያወጡ አደረግሁ። ወደ ቅሪተ አካል ስንደርስ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ቀና አለች። ከእናቷና ባለፈው ዓመት ከኢትዮጵያ ከመጡት አያቷ ጋር እዚያው አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው።

"ቲቸር፣ ቅሪት ማለት ሌፍትኦቨር ነው?"

"አዎ፣ የቀረ ነገር።"

"ሶ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሞተው እሱ ብቻ የቀረ?"

"ልክ ነሽ።"

"ቬሪ፣ ቬሪ ኦልድ?"

"በጣም ያረጀ። ጎበዝ!"

የቤት ሥራው በእያንዳንዱ ቃል ዓረፍተ ነገር መሥራት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ ፒዛ ሲበሉ ወረቀታቸውን አረምኩ። የልጅቷ ሰባተኛ ዓረፍተ ነገር "አያቴ ቅሪተ አካል ናቸው" ይላል።

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ልሞት ነበር። እነዚህ ልጆች አያታቸውን "አያቴ መጣ፣ አያቴ በላ" እያሉ ነው የሚያወሩት፤ አንቱታ ለማስተማር ያልሞከርኩት ዘዴ የለም። ይህች ልጅ "ናቸው" ብላ ጻፈች! በቀይ ከበብኩት፣ ወርቃማ ኮከብ ለጠፍኩበት፣ ከሥሩም "ጎበዝ! አንቱታው ልክ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደሚል አላነበብኩም። ይህን ያህል ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የማየው ስህተት ብቻ ነው፣ ስህተት ደግሞ አልነበረውም።

ሰኞ ዕለት የልጅቷ እናት ኮል አደረገችኝ። ኤርፖርት አካባቢ ሄርንደን ነው የምትሠራው፤ ከጀርባዋ የሻንጣ ጋሪ ይንኳኳል።

"ቲቸር፣ ሶሪ፣ ሥራ ላይ ነሽ? አባዬ ፍሪጁ ላይ የለጠፍነውን ወረቀት አነበበው።"

"የቱን ወረቀት?"

"ኮከብ ያለበትን።"

ያኔ ነው ዓረፍተ ነገሩ የገባኝ። የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ቆሜ ነበር።

"ምን አሉ?"

"ምንም። ሁለት ቀን አልተናገረም። ዛሬ ጠዋት ግን 'ቅዳሜ እኔም እሄዳለሁ' አለኝ።"

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ልጅቷ ከኋላቸው ናት።

"መምህርቷ እርስዎ ነዎት?"

በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው እርስዎ ሲሉኝ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ። "እኔ ነኝ አባባ። ይቀመጡ።"

አልተቀመጡም። ከደረት ኪሳቸው በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"ይህን ያረሙት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ።"

"ኮከቡም የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው።"

"'ጎበዝ' የሚለውስ?"

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ያየሁት አንቱታውን ነው። ልጆቹ 'ናቸው' ማለት ስለማይችሉ…"

"እሱን እኔም አይቻለሁ" አሉ። "በአክብሮት ነው የቀበረችኝ።"

ልስቅ አልችልም፣ ላለቅስም አልችልም። ልጅቷ ግን የአያቷን ኮት ሳብ አደረገችና በእንግሊዝኛ ተንደረደረች። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ነው የምትለው?"

"ቅሪተ አካል በጣም ብርቅ ነገር ነው ነው የምትለው። ሙዚየም ወስደዋት አይታዋለች። መስታወት ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፤ ማንም አይነካውም።"

ትንሽ አሰቡ። "እኔንማ ሶፋ ላይ ነው ያስቀመጡኝ" አሉ። "እናቷ ሥራ፣ እሷ ትምህርት ቤት። እስከ ማታ ማንም አይነካኝም። ልጅቷ አልተሳሳተችም።"

ከዚያ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ለስምንት ዓመት ልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ። "በሉ ያስተምሩ። ምን እንደሆንኩ ልወቅ።"

ድንጋይ ውስጥ የታተመ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ሰቅዬ ጀመርኩ። ይህ እንስሳ ባሕር ውስጥ ይኖር ነበር፣ ሞተ፣ ደለል ተከመረበት፣ ደለሉ ድንጋይ ሆነ። ብዙም ሳልሄድ ሽማግሌው እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

"ይሄ ነው ቅሪተ አካል የምትሉት?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ይሄንማ አውቀዋለሁ።"

ሠላሳ ዓመት መንገድ ቀያሽ ነበሩ። አባይ በረሃ ውስጥ ገደሉን ሲቆርጡ የሚፈነዳው ድንጋይ ሲከፈት በውስጡ ዛጎልና ቀንድ አውጣ ተሰግስጎ ያገኙ ነበር። "ጎጆ የሚያህል ቋጥኝ ስንፈነክት ውስጡ እንደ ምስር ወጥ ነው፤ ሙሉ ዛጎል። እዚያ ባሕር የለም። ሠራተኛው የኖኅ ውኃ ያመጣው ነው ይል ነበር። እኔ ምንም አላልኩም፤ የኔ ሥራ መስመሩን መቀየስ ነው።"

ልጆቹ ወንበራቸውን ወደ ሽማግሌው ሳቡ። ግማሹን አማርኛ እንዳልሰሙ አውቃለሁ፣ ግን ቋጥኝ በፈንጂ መፈንከቱ በደንብ ገብቷቸዋል።

"ከዛ ምን አደረጉት?" አለች የልጅ ልጃቸው፣ በአማርኛ።

"ፈጨነው።"

"ዋት?"

"በማሽን ፈጭተን ጠጠር አደረግነው። መንገድ ሠራንበት።"

አሥራ አራት ልጆች ወንጀል የተናዘዘ ሰው እንደሚያዩ አዩዋቸው። ለዳይኖሰር ያበደ አንዱ ልጅ ዓይኑ እንባ ሞላ። "ሁሉንም?" አለ።

"ሁሉንም" አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። "ስሙን የነገረን አልነበረም። ድንጋይ ነበር የመሰለን።" ከዚያ ከኪሳቸው ማስታወሻና እስክሪብቶ አውጥተው ሰሌዳው ላይ ያሉትን ሰባት ቃላት አንድ በአንድ ገለበጡ። ሰዎች ነገርን የሚያከብሩት ስሙን ሲያውቁ ነው ብዬ ለልጆቹ አንድ ጥሩ ንግግር ላደርግ አፌን ስከፍት ፒዛው መጣ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሽማግሌው አንድ ቅዳሜ አልቀሩም። እኔንም ከእርስዎ ወደ አንቺ አወረዱኝ፤ ከማንኛውም ምስክር ወረቀት በላይ ደስ አሰኘኝ። ልጆቹም አንድ ችግር ገጠማቸው፤ እሳቸው እንግሊዝኛ አያውቁም። ስለ ፈንጂው፣ በረሃ ውስጥ ስለገጠማቸው ጅብ፣ ገደል ስለገባ የጭነት መኪና መጠየቅ የፈለገ ሁሉ በአማርኛ መጠየቅ ነበረበት። ጥያቄው ሲሰበርባቸው ይጠግናሉ። አምስት ዓመት በሀሁ ያላገኘነውን በሁለት ወር የጅብ ወሬ አገኘነው። ኮሚቴው ይህን በሪፖርቱ "አዲሱ የማስተማሪያ ስልታችን" ብሎ ጻፈው።

ታኅሣሥ አካባቢ ግን ሌላ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ወላጅ ኢሜይል ጽፏል፤ እኔ ክፍል ውስጥ "ሚሊዮን ዓመት" ብያለሁ።

"አንዳንድ ወላጆች ኮንሰርን አላቸው" አሉ ሊቀመንበሩ። "ልጁ ቤት ሄዶ ሰው ከየት መጣ ብሎ ጠይቋል። እኛ ያለነው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰው ከየት እንደመጣ የሚለውን ነገር ባናነሳው።"

እኔ ደረታቸውን አየሁ። ሌሎቹም አዩ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩም አጎንብሰው ራስ ቅሉንና "የሰው ዘር መገኛ" የሚለውን ጽሑፍ አዩ።

"ይሄ ለቱሪዝም ነው" አሉ።

ሽማግሌው የመናገር ፈቃድ ጠየቁ። "እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አስቀድሻለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ደግሞ ድንጋይ ስቆፍር ኖሬያለሁ። ቄሱም ስለ ድንጋዩ፣ ድንጋዩም ስለ ቄሱ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እናንተ ምን ሆናችሁ ነው?" ነርሷ ሳቋ አመለጣት። ቢሆንም ድምፅ ተሰጠና "ሚሊዮን ዓመት" በሚለው ፈንታ "እጅግ በጣም ድሮ" እንድል ተወሰነ። እኔም አከበርኩ፤ በውሳኔው ሳልስማማ፣ ግን እንጀራዬ ስላልሆነ መጣላትም ሳልፈልግ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያው ጥያቄ "እጅግ በጣም ድሮ ስንት ነው?" የሚል ሆነ። ሽማግሌው ቀድመውኝ "ከኔም በፊት" ብለው መለሱ። ክፍሉ በሙሉ "ዋው" አለ። ምንም ቁጥር እንዲህ አስገርሟቸው አያውቅም።

ሰኔ ላይ የዓመቱ መዝጊያ እንዲሆን ደቡብ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለ አንድ የባሕር ዳርቻ ጉዞ ተዘጋጀ። እዚያ ከገደሉ እየተሸረሸረ የሚወድቅ የጥንት ሻርክ ጥርስ ውኃው ዳር ይገኛል። አስቀድሜ ለወላጆች ማንኪያ፣ ወንፊትና ቢርስ ግድ የሌለው ጫማ እንዲያመጡ መልእክት ላክሁ። ካልኩት በቀር ሁሉም ነገር መጣ ማለት ይቀላል፤ ሦስት መጥበሻ፣ ድንኳን፣ ትልቅ ስፒከር፣ አንድ ሙሉ በግ ተቆራርጦ፣ ነጭ ጫማ ያደረጉ እናቶች። ወንፊት ያመጣሁት እኔ ነኝ።

እኩለ ቀን ላይ አዋቂው ሁሉ ጥብሱን ከብቦ ስለ ቤት ዋጋ ይከራከራል፤ ልጆቹ ኳስ ላይ ናቸው። ውኃው ዳር የቀረነው ሽማግሌው፣ የልጅ ልጃቸውና እኔ ነን። እሳቸው የሱፍ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ። ዝም ብለው አልነበረም የሚፈልጉት፤ አሸዋውን በዓይናቸው በመስመር ከፋፍለው አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይሻገሩም። ልጅቷም ከኋላቸው በዚያው መስመር ትሄዳለች።

አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። ከዚያ ጎንበስ አሉና ቆሙ። ጣታቸው ላይ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ ሦስት ማዕዘን ነገር ነበረች።

"ይህቺ?"

"እሷ ናት፣ አባባ። የሻርክ ጥርስ።"

"ቅሪተ አካል?"

"ቅሪተ አካል።"

መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ልጅቷ እጃቸውን ይዛ እየዘለለች በሁለቱም ቋንቋ ትጮሃለች። "ያዢው፣ ያንቺ ነው" አሏት። "ኖ፣ አያቴ፣ እርስዎ ነዎት ያገኙት!" አለች። "እርስዎ ነዎት" ስትል እኔና እሳቸው ተያየን።

ጩኸቷን ሰምተው ሰዎች ከጥብሱ ተነሱ። ሊቀመንበሩ "የመጀመሪያው የሳይንስ ጉዞ" የሚል ባነር አስዘረጉ። ጥርሷ ከእጅ ወደ እጅ ሄደች፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ይዟት ፎቶ ተነሳ፤ አንድ ሕፃን ሊውጣት ሲል ነርሷ ከአፉ አወጣቻት። ማታ የትምህርት ቤታችን ገጽ ላይ ሊቀመንበሩ ጥርሷን ከፍ አድርገው የያዙበት ፎቶ ወጣ፤ ከሥሩ "ኮሚቴያችን ያገኘው" ይላል። ከአራት መቶ በላይ ሰው ወዶታል፤ አንዱም ስለ ሽማግሌው አልጠየቀም። እሳቸው ግን ጥርሷን ከሊቀመንበሩ እጅ ተቀብለው፣ በውኃ አጥበው፣ በመሐረባቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከትተዋል።

የልጅቷ እናት ሺፍት ስለነበራት ወደ ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ተጨናንቆ መኪናው እንደ ጉንዳን ይሳባል። ልጅቷ ኋላ ወንበር ላይ አሸዋ በአሸዋ ሆና እንቅልፍ ወስዷታል።

"ይሄ ሻርክ የሚሉት ስንት ጥርስ አለው?" አሉኝ።

"ብዙ ነው፣ አባባ። አንዱ ሲወልቅ ከኋላ ሌላ ይመጣል።"

"እስከ መቼ?"

"ዕድሜውን ሙሉ።"

መንጋጋቸውን በመዳፋቸው ያዝ አድርገው አሰቡ። "የታደለ ፍጡር" አሉ። "እኔ ሁለት ጥርስ ለማስተከል ፎርም ስሞላ ሰባት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ደውለው አሁንም ማመልከቻዬ እየታየ ነው አሉኝ።"

"እርስዎስ ምን አሏቸው?"

"ምን እላለሁ? ጥርስ የሌለው ሰው በስልክ ሲናገር አይሰማም" አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ፊት ለፊታችን ያለው መኪና ትንሽ ሲንቀሳቀስ ትንሽ ተከተልኩት፤ አሌክሳንድሪያ እስክንደርስ ድረስ ስለ ጥርስ አወራን።